ጁን 5፣ ጁን 18፣ ጁን 29፦ ሲሼልስ የቱን ቀን ታክብር?

ሰናይት ዘአጅማን

ሰላም ለቤቱ። እዚህ መድረክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ስላለ ልጻፈው።

የምሠራው ኤምሬትስ፣ አጅማን፣ ሆቴል ውስጥ ነው። አንሶላና ፎጣ የሚታጠብበት ክፍል ነኝ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ትልቅ ሴት አለች። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለችው የሲሼልስ ሰው ናት፣ የማሄ ደሴት ልጅ። ሃምሳን አልፋለች። እኔን እንደ ልጇ ነው የምታየኝ። ማሽኖቹ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ካላንደር አለን። ጁን ሲገባ ገጹን ገለጠችና እርሳስ አወጣች። 5 ላይ ትንሽ መስቀል አደረገች። 29ን ከበበችው። 18 ላይ ትንሽ ቆመችና አለፈችው።

«ምንድነው?» አልኳት።

«ይሄ የአጎቴ ነው» አለችኝ መስቀሉን እያሳየችኝ። «ይሄኛው የሁላችንም ነው።»

«18ስ?»

«እሱ የወረቀቱ ቀን ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ስለ አገሯ አነባለሁ። አንድ ትንሽ አገር በአንድ ወር ውስጥ ሦስት የፖለቲካ በዓል እንደነበራት አላውቅም ነበር። ጁን 5፣ በ1977 መፈንቅለ መንግሥት የተደረገበት ቀን፣ የነፃ መውጣት ቀን ይባል ነበር። ጁን 18፣ በ1993 ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት፣ ብሔራዊ ቀን ነበር። ጁን 29፣ በ1976 ከእንግሊዝ የተላቀቁበት፣ የነፃነት ቀን። በ2015 ብሔራዊ ቀንነቱ ወደ ጁን 29 ተዛወረ። በ2017 ደግሞ ጁን 5 ከነጭራሹ ከበዓላት ዝርዝር ወጣ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። በእኛ ግንቦት 28፣ ሰኔ 11 እና ሰኔ 22 ይሆናሉ።)

የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ጁን 29 መመረጡ ልክ ነው። ምክንያቱም ከሦስቱ ቀኖች አሸናፊና ተሸናፊ የሌለው እሱ ብቻ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ታሪኩን በደንብ የምታውቁ ካላችሁ አስረዱን።

መምህር አብርሃም

እህቴ ሰናይት፣ ጥሩ ነገር ነው ያነሳሽው። ከስሩ ካልጀመርን ስለማይገባን ትንሽ ረዘም አደርገዋለሁ።

ሲሼልስ 115 ደሴቶች ናት። የሕዝቧ ቁጥር ከአንድ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ያንሳል። ቀድሞ ሰው አልነበረባትም። ፈረንሳዮች በ1770 ሰፈሩባት፣ ባሪያዎችንም አምጥተው እርሻ ከፈቱ። በ1814 ለእንግሊዝ ተላለፈች። መሬቱ ግን በፈረንሳይ ዘር ባላባቶች እጅ ቀረ። ሰዎቹ «ግራን ብላን» ይሏቸዋል፣ ትልልቆቹ ነጮች እንደማለት ነው። ባርነት በ1835 ቀረ። የባሪያዎቹ ልጆች ግን በዚያው የኮኮናትና የቀረፋ እርሻ ላይ ለባላባቱ መሥራታቸውን ቀጠሉ።

አሁን ወደ 1964 ልውሰዳችሁ። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ፓርቲ ተመሠረተ። አንዱን የመሠረተው ጄምስ ማንቻም ነው። ሌላውን ፍራንስ አልበርት ሬኔ። ሁለቱም እንግሊዝ የተማሩ ጠበቆች ነበሩ። በአንድ ትንሽ ከተማ፣ ቪክቶሪያ ውስጥ፣ አንድ ፍርድ ቤት የሚመላለሱ ሰዎች።

ማንቻም ምን ይል ነበር? ከእንግሊዝ አንለይ፣ እንዲያውም ከእሷ ጋር እንዋሃድ። ሬኔስ? ነፃነት፣ መሬት ለሠራተኛው። የሬኔ ድጋፍ ከሠራተኛ ማኅበራትና ከወደብ ሠራተኞች ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም የሬኔን ፓርቲ እንደ ነፃ አውጪ ንቅናቄ ተቀበለው። ማንቻም ላይ ከአፍሪካ በኩል ጫና በረታበት። እንግሊዝም ብትሆን ውህደቱን አልፈለገችውም። ስለዚህ በ1974 ማንቻም ሐሳቡን ቀየረና እሱም ነፃነት ማለት ጀመረ።

ይሄን ልብ በሉልኝ። አገሪቱን ወደ ነፃነት የመራት መጀመሪያ ነፃነትን ያልፈለገው ሰው ነው። የጁን 5 ቁስል ከዚህ ይጀምራል።

የሐይቅ ልጅ

መምህር እናመሰግናለን። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ሬኔ ያን ያህል ሕዝብ ከኋላው ካለው ምርጫውን ለምን አላሸነፈም?

መምህር አብርሃም

@የሐይቅ ልጅ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1974ቱ ምርጫ የማንቻም ፓርቲ 52.4 ከመቶ ድምፅ አገኘ። የሬኔ ፓርቲ 47.6 ከመቶ። ወንበሩ ግን 13 ለ2 ሆነ።

አዎ፣ 13 ለ2። የምርጫው ሥርዓት በየወረዳው ያሸነፈ ሁሉንም ይወስዳል የሚለው የእንግሊዝ ሥርዓት ነው። በየቦታው በጠባብ ልዩነት ከተሸነፍክ፣ ግማሽ ያህሉን ሕዝብ ይዘህ ባዶ እጅህን ትቀራለህ። የሬኔ ደጋፊዎች ምርጫው ተጭበርብሯል አሉ። እንግሊዝ ይሄ ውጥረት እያለ መውጣት ስለከበዳት ሁለቱን በ1975 ጥምር መንግሥት ውስጥ አስገባቻቸው።

ጁን 29 ቀን 1976 ነፃነት ሲታወጅ ማንቻም ፕሬዚዳንት፣ ሬኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ዕለት እንግሊዝ በ1965 ቆርጣ የወሰደቻቸው ሦስት ደሴቶች፣ አልዳብራ፣ ፋርኳርና ዴሮሽ፣ ተመለሱላቸው። የሞሪሺየሶቹ ቻጎስ ደሴቶች ግን በእንግሊዝ እጅ ቀሩ።

ከነፃነት በኋላ ጥምረቱ ዓመት አልሞላም።

እትዬ ብርቅነሽ

ልጆቼ፣ ስለዚህች አገር እኔም አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዞች ያስቸገራቸውን ንጉሥና መሪ የሚወረውሩት እዚያ ነበር። የአሻንቲውን፣ የዛሬዋን ጋና፣ ንጉሥ ፕሬምፔን በ1900 ወስደው እስከ 1924 ድረስ እዚያ አስቀምጠውታል። ያቺ ጀግና የአሻንቲ እናት፣ ያ አሳንቴዋም፣ የሞተችው እዚያው ስደት ላይ ነው። የቆጵሮሱን ሊቀ ጳጳስ ማካሪዮስንም በ1956 ወደዚያው ነው ያጋዙት።

የሩቅነቷን ነገር አስቡት። አውሮፕላን ማረፊያ የተከፈተላት በ1971 ነው። ከዚያ በፊት በመርከብ ብቻ ነበር የሚደረሰው፣ ከሞምባሳ ቀናት ተጉዞ። አውሮፕላኑ ሲመጣ ቱሪስቱ መጣ፣ ገንዘቡ መጣ፣ ፖለቲካውም አብሮ ጋለ።

ዮናስ ሜታ

ሰናይት፣ በሐሳብሽ አልስማማም። በአክብሮት ነው የምናገረው።

«አሸናፊና ተሸናፊ የሌለው ቀን» ያልሽው ለማን ነው? ጁን 29 ቀን 1976 የባላባቱ መሬት የባላባቱ እንደሆነ ነበር። የድሀው ልጅ ያው ድሀ ነበር። ባንዲራ ተቀየረ፣ ሌላ ምን ተቀየረ?

ከጁን 5 ቀን 1977 በኋላ ግን ትምህርት ነፃ ሆነ። ሕክምና ነፃ ሆነ። ጡረታና ማኅበራዊ ዋስትና ተዘረጋ። የአገሬው ሰው ቤቱ የሚናገረው ክሪዮል በ1981 የአገሪቱ ቋንቋ ተባለ፣ ከዚያም ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ በፊት ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር የሚያፍር ነበር። የዛሬዋ ሲሼልስ በአፍሪካ ከፍ ያለ የኑሮ ደረጃ አላት የምትባለው ያኔ ሰው ላይ በተሠራው ሥራ ነው። ቪክቶሪያ ውስጥ በ1978 «ዞንም ሊብ» የሚባል ሐውልት አቆሙ። ነፃ ሰው ማለት ነው። ሰንሰለቱን በጥሶ እጁን ዘርግቶ የቆመ ሰው። ለድሀው ልጅ ጁን 5 ማለት እሱ ሐውልት ነበር።

ያንን ቀን ከካላንደር መፋቅ የእነዚያን ሰዎች ታሪክ መፋቅ ነው።

ሰናይት ዘአጅማን

ዮናስ ወንድሜ፣ ያልከውን አልክድም። ግን ጁን 5 ቀን ራሱ ምን ሆነ? እሱን ስንመለከት ነው ችግሩ የሚመጣው።

ማንቻም ለንደን ነበር። የኮመንዌልዝ መሪዎች ስብሰባና የንግሥቲቱ 25ኛ ዓመት በዓል ነበረ። ሆቴል ውስጥ ተኝቶ እያለ ስልክ ተደወለለት። ሌሊቱን ታንዛኒያ የሠለጠኑ 60 ያህል ሰዎች የፖሊስ መሣሪያ ግምጃ ቤቱን ይዘው ከተማውን ተቆጣጥረው ነበር። ማንቻም ምርጫ ሊያራዝም ነበር የሚል ክስ ቀረበበት። ሬኔ መጀመሪያ ላይ የማውቀው ነገር የለም ብሎ ነበር፣ ከዚያ ግን ፕሬዚዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ ፈጸመ። ደም ሳይፈስ ነው የተደረገው ይባላል፣ ግን የተገደሉ ሰዎች ነበሩ።

በ1979 አዲስ ሕገ መንግሥት ወጣና አገሪቱ የአንድ ፓርቲ ሆነች። መንግሥት የሰው መሬት ወረሰ። ጋዜጣ ተዘጋ። ሰው ታሰረ፣ ተሰደደ፣ የጠፉም አሉ። በውጭ የተቃዋሚዎች መሪ የነበረው ዤራር ሆአሮ በኖቬምበር 1985 ለንደን ውስጥ ቤቱ በር ላይ ተገደለ።

የባልደረባዬ አጎት ከ1977 በኋላ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። እናቷ ወንድሟን ሁለተኛ አላየችውም። በየዓመቱ ጁን 5 ሲደርስ ጎዳናው ላይ ሰልፍና ሙዚቃ ነበር፣ እነሱ ቤት ግን መስኮት ይዘጋ ነበር አለችኝ። መስኮት መዝጋት ብቻ። ሌላ ምንም ማድረግ አይችሉም ነበር።

እንግዲህ ንገረኝ። ግማሹ ሕዝብ መስኮት የሚዘጋበት ቀን የአገር በዓል ይባላል?

ዮናስ ሜታ

ከባድ ነው። ስለ አጎቷ ነፍስ ይማር። እኔ መንገዱን ሳይሆን ውጤቱን ነው የምከራከርለት። ግን ያነሳሽው የመስኮቱ ነገር ልቤን ነክቶታል፣ ልዋሽ አልችልም።

ካፒቴን ነኝ ከጅቡቲ

በዚያ ዘመን መንግሥቱ ለምን እንደዚያ ጥብቅ እንደሆነ ለመረዳት የኖቬምበር 25 ቀን 1981ን ነገር ማወቅ አለባችሁ። ይሄ ታሪክ በመርከበኞች ዘንድ እስከ ዛሬ ይወራል።

ማይክ ሆር የሚባል በኮንጎ ጦርነት ስሙ የገነነ ቅጥረኛ ወታደር ከ40 በላይ ሰዎች ይዞ ከስዋዚላንድ በተነሳ አውሮፕላን ማሄ አረፈ። የራግቢ ተጫዋቾችና የአንድ ቢራ ጠጪዎች የበጎ አድራጎት ማኅበር አባላት ነን አሉ። ለወላጅ አልባ ሕፃናት ስጦታ ብለው ሻንጣቸው ውስጥ አሻንጉሊት አስቀምጠዋል። ከአሻንጉሊቱ ስር ክላሽ።

አብዛኞቹ ፍተሻውን አልፈው ነበር። የአንዱን ሻንጣ ግን የጉምሩክ ሠራተኛው ገለጠው። መሣሪያው ታየ። ተኩስ ተከፈተ። አውሮፕላን ማረፊያው የጦር ሜዳ ሆነ። ቅጥረኞቹ በዚያ ሰዓት ያረፈ የኤር ኢንዲያ አውሮፕላን ጠልፈው ደርባን ገቡ። ከኋላቸው የአፓርታይድ መንግሥት የስለላ ሰዎች እንደነበሩ በኋላ የደቡብ አፍሪካው የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን አረጋግጧል።

በዓመቱ፣ በኦገስት 1982፣ የራሳቸው ወታደሮች አመፁ። እሱም ከሸፈ። የታንዛኒያ ወታደሮች ነበሩ መንግሥቱን የደገፉት።

ስለዚህ ሬኔ ጁን 5ን በታላቅ ሰልፍ ሲያከብር «ሊወስዱብን ነው» የሚል እውነተኛ ፍርሃትም ነበረበት። ይሄ የሌላውን ግፍ ትክክል አያደርገውም። ግን ሥዕሉ ሙሉ እንዲሆን ብዬ ነው።

ህሊና ሕግ

ሁላችሁም ጁን 18ን ረሳችሁት። የሰናይት ባልደረባ «የወረቀቱ ቀን» ያለችው ወረቀት ለእኔ ትልቁ ነው። የሕግ ሰው ነኝና ትንሽ ልሟገትለት።

በዲሴምበር 1991 ሬኔ የብዙ ፓርቲ ሥርዓት እንደሚመለስ አስታወቀ። ሶቪየት ኅብረት በምትፈርስበት ወር ማለት ነው። በ1992 ማንቻም ከ15 ዓመት ስደት በኋላ አገሩ ገባ። ሕገ መንግሥት የሚያረቅ ኮሚሽን በምርጫ ተቋቋመ። ሁለቱ ያኔም አልተስማሙም። የማንቻም ፓርቲ ከኮሚሽኑ ወጣ። የሬኔ ወገን ለብቻው ረቂቁን ጨርሶ በኖቬምበር 1992 ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበው።

53.7 ከመቶ ሕዝብ «አዎ» አለ። ወደቀ!

የወደቀው ለማጽደቅ 60 ከመቶ ስለሚያስፈልግ ነው። ይሄን ደጋግሜ ሳስበው ደስ ይለኛል። ለ15 ዓመት ብቻውን የገዛ መሪ ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝቶ አልበቃህም ተባለ። እሱም ተቀበለ። ተመልሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። አዲሱ ረቂቅ ጁን 18 ቀን 1993 ቀረበና 73.9 ከመቶ አግኝቶ ጸደቀ። በሚቀጥለው ወር ምርጫ ተደረገ፣ ሬኔ በ59.5 ከመቶ አሸነፈ፣ ማንቻም ሁለተኛ ወጣ።

ጁን 29ን የፈረሙት መሪዎችና እንግሊዞች ናቸው። ጁን 5ን ያደረገው መሣሪያ ነው። ጁን 18ን ግን ያደረገው ሕዝቡ በገዛ እጁ፣ በድምፅ መስጫ ወረቀት ነው። ብሔራዊ ቀን መሆን የነበረበት እሱ ነው፣ ነበረም። ለ20 ዓመት ያህል። አሁን «የሕገ መንግሥት ቀን» ተብሎ ሥራ የሚዘጋበት በዓል ሆኖ ቀርቷል፣ ግን ዋናው ሰልፍ ሄዶበታል።

የሐይቅ ልጅ

ህሊና፣ አሳመንሽኝ። ግን ሕዝቡ ራሱ ለምን አልወደደውም?

ህሊና ሕግ

ሕዝቡ አልወደደውም ማለት ይከብዳል። ግን ወረቀት ሰውን አያስጨፍርም። ሌላም ነገር አለ። ጁን 18 ሲመጣ ጁን 5 አልሄደም። ሁለቱም ካላንደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንዱ ቀን «መንግሥትን በመሣሪያ ገለበጥን» ብለህ ታከብራለህ። በ13ኛው ቀን ደግሞ «ሕግ ከሁሉ በላይ ነው» ብለህ ታከብራለህ። ልጅ ይሄን ጠይቆ አባቱ ምን ብሎ ይመልስለታል?

ባንዲራ ሰብሳቢው

ስለ ቀኖቹ የምትከራከሩበት ነገር ባንዲራዎቹ ላይ በሙሉ ተስሎ አለ። ባንዲራ የማጥናት ልማድ ስላለኝ ልንገራችሁ።

የ1976ቱ ባንዲራ መካከሉ ላይ ነጭ ኤክስ አለው፣ ሰማያዊና ቀይ ነው። ሰማያዊው የማንቻም ፓርቲ ቀለም፣ ቀዩ የሬኔ። ጥምር መንግሥቱ ራሱ ጨርቅ ላይ ማለት ነው። ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ ይሄ ወረደ። የ1977ቱ ሰፊ ቀይ፣ ነጭ ሞገድ፣ ከስር አረንጓዴ ነው። የገዢው ፓርቲ ቀለሞች ናቸው። ሰማያዊው ጠፋ።

ከዚያ በ1996 ሦስተኛው መጣ። ከአንድ ጥግ ተነስቶ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ አምስት ቀለም፦ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ። ሰማያዊና ቢጫው የማንቻም ወገን፣ ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴው የሬኔ ወገን። ሰማያዊው ከ19 ዓመት በኋላ ተመለሰ።

ብሔራዊ መዝሙሩም እንደዚሁ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ሦስተኛው ላይ ደርሷል። የአሁኑ ስሙ «ኮስቴ ሴሴልዋ» ነው፤ ሲሼልሳውያን ተሰባሰቡ እንደማለት። ባንዲራውና መዝሙሩ በ1996 ታረቁ። በዓሉ ነው 20 ዓመት ያህል ዘግይቶ የታረቀው።

መምህር አብርሃም

ባንዲራ ሰብሳቢው ያልከው ድንቅ ነው። ይሄን ለተማሪዎቼ እወስደዋለሁ፣ ፈቃድህ ከሆነ።

የመጨረሻውን ክፍል ልሙላ። ሬኔ በ2004 ሥልጣኑን ለምክትሉ ለጄምስ ሚሼል አስረከበ። ብሔራዊ ቀኑን በ2015 ወደ ጁን 29 ያዛወረው ሚሼል ነው። ሚሼል ከዚያው ከጁን 5 ፓርቲ የወጣ ሰው ነው፤ ከተቃዋሚ የመጣ አልነበረም። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ማንቻምም ሬኔም ያኔ በሕይወት ነበሩ። ማንቻም በጃንዋሪ 2017 አረፈ፣ ሬኔ በፌብሯሪ 2019። ሁለቱም ጁን 29 ተመልሶ ዋናው ቀን ሲሆን አዩ ማለት ነው።

ጁን 5ን ከካላንደር ያስወጣው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ምርጫ። በዲሴምበር 2015 ሚሼል በሁለተኛ ዙር ያሸነፈው በ193 ድምፅ ብቻ ነው። አልተሳሳትኩም፣ 193። በሴፕቴምበር 2016 ተቃዋሚዎች ተባብረው የፓርላማውን አብላጫ ወንበር ያዙ። ሚሼል ሥልጣን ለቀቀ፣ ምክትሉ ዳኒ ፎር ተተካ። አዲሱ ፓርላማ በ2017 ጁን 5ን ከበዓላት ዝርዝር አወጣ።

ከዚያ በኋላ የእውነት፣ የዕርቅና የብሔራዊ አንድነት ኮሚሽን ተቋቋመ። ከ2019 ጀምሮ ሰዎች በአደባባይ እየቀረቡ ከመፈንቅለ መንግሥቱ ጀምሮ የደረሰባቸውን ተናገሩ። መሬቱ የተወሰደበት፣ አባቱ የጠፋበት፣ የታሰረ። በቴሌቪዥን ነበር የሚተላለፈው። መስኮት ዘግተው የኖሩ ሰዎች ማለት ነው፣ ሰናይት እንዳለችው።

በ2020 ቄሱ ዋቬል ራምካላዋን ተመርጠው ከ1977 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥልጣን ወደ ተቃዋሚ ተላለፈ። በ2025 ደግሞ የቀድሞው ገዢ ፓርቲ በፓትሪክ ኤርሚኒ በኩል በምርጫ ተመለሰ። ወዲያም ወዲህም በድምፅ።

ዮናስ ሜታ

መምህር፣ ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ሐሳቤን በከፊል ቀይሬያለሁ። ብሔራዊ ቀኑ ጁን 29 ይሁን። እሺ። ግን ጁን 5ን ሥራ የሚዘጋበት ባይሆንም በትምህርት ቤት የሚነገር ቀን ቢሆን እወዳለሁ። ሁለቱም ይነገር። ነፃ የሆነው ክሊኒክም፣ የተዘጋው መስኮትም። ዝም ከተባለ ግማሹ ሕዝብ አሁንም «የእኛ ቀን ተነጠቀ» ብሎ ይኖራል። ያው በተራው እሱ መስኮት ይዘጋል።

ህሊና ሕግ

ይሄን እደግፋለሁ። ጁን 18 ላይ ያለኝ ቅሬታ ግን አልተነሳም 🙂

እትዬ ብርቅነሽ

ሰናይትዬ፣ ያቺን ባልደረባሽን ይሄን ሁሉ አውሪያት። ስለ አገሯ አማርኛ ተናጋሪ እንዲህ ሲወያይ ብትሰማ ደስ ይላታል። ምን ትል ይሆን?

ሰናይት ዘአጅማን

እትዬ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን ይዤ ቁጭ ብዬ ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ አወራኋት። አንሶላ እያጠፈች ነበር የምትሰማኝ። የካፒቴኑ የአሻንጉሊት ታሪክ ላይ ስደርስ ማጠፉን ተወችው። ያን ቀን 12 ዓመቷ ነበር። የተኩሱን ድምፅ አስታውሳለሁ፣ እናቴ አልጋ ስር አስገባችን አለችኝ።

ከዚያ ዮናስ ስለ ትምህርት የጻፈውን ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና ያልጠበቅሁትን ነገረችኝ። ብሔራዊ የወጣቶች አገልግሎት የሚባል ነበር። ከ1981 ጀምሮ ልጆች ከቤት ወጥተው ካምፕ ውስጥ እየኖሩ የሚማሩበት። በ1979 ሐሳቡ ገና ሲወራ ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው ተቃውመውት ነበር። እሷም ገብታበታለች፣ ፖርት ሎኔ የሚባል ባሕር ዳር። ካልገባህ ከዚያ በላይ መማር አትችልም።

«ከቤታችን ያን ያህል የተማርኩ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ» አለችኝ። «እናቴን ማታ ማታ እያለቀስኩ የናፈቅሁትም እዚያው ነው። አጎቴን ያባረረው መንግሥት ነው ያስተማረኝ። ምን ልበልሽ?»

እኔም ምን እንደምላት አላወቅሁም። አንሶላውን በሁለት ጫፍ ይዘን አጠፍነው።

ከመውጣታችን በፊት ካላንደሩ ጋ ሄደች። መስቀሉን አላጠፋችውም። ክቡንም አልነካችውም። ግን ከጎኑ በእርሳስ «50» ብላ ጻፈች። 2026 ለነፃነታቸው 50ኛ ዓመት ነው፣ እናቷም በሕይወት አሉ፣ ዕድሜያቸው 80 አልፏል። ለጁን 29 ቤቷ መድረስ ትፈልጋለች። ፈቃድ ልናስፈቅድላት ነው። በቦሌ በኩል ከዱባይ ወደ ማሄ የሄደ ሰው ካለ ትራንዚቱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅና ሻንጣ ስንት ኪሎ እንደሚፈቀድ ቢነግረኝ። ለእናቷ የምትወስደው ብዙ ዕቃ አላት።